በር ጠባቂዎቹ ሲፈተኑ፦ የኮሎምበስ የሕክምና ትምህርት ቤትና የስውር አድልዎ ታሪክ

ፎረስት ፓርክ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኮሎምበስ ሰሜናዊ ክፍል፣ ኖርዝላንድ ተብሎ በሚጠራው ሰፊ አካባቢ ውስጥ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ባለፉት ሦስት ዐሥርተ ዓመታት በዚህ የከተማዋ ክፍል ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሌዎችና ሌሎች ስደተኞች ከነባሮቹ ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያን ጋር ጎረቤት ሆነዋል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በሀገሩ ሳለ ማንነቱን በትውልድ ስፍራው፣ በቋንቋው ወይም በሃይማኖቱ ይገልጽ የነበረ ኢትዮጵያዊ፣ የሆስፒታሉን ቅጽ ሲሞላ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ቦታ ይሠራል፤ አንደኛው በሐኪሙ አእምሮ ውስጥ፣ ሁለተኛው ሐኪሙ በሚያነባቸው ቁጥሮች ውስጥ።

ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። «ስውር አድልዎ» የሚለው ሐሳብ፣ በጎ ፈቃድ ያለውና በእኩልነት ከልቡ የሚያምን ሰው እንኳ ሳያውቀው በዘር፣ በጾታ ወይም በአነጋገር ሊያበላልጥ ይችላል የሚል ነው። ስለ ሁለተኛው የተነገረው ግን ከዚህ ያነሰ ነው። የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ማየት አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ለመመለስ ይረዳል፦ አድልዎን ማወቅ አድልዎን የሚቀንሰው መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ጥቂት ተጨባጭ መልሶች አንዱ የተገኘው እዚያው ኮሎምበስ ውስጥ ነው። (ከአንድ ቦታ በቀር፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የተዘጉት በሮች

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1914 የተመሠረተው፣ ስታርሊንግ ኦሃዮ የተባለው የኮሎምበስ የሕክምና ኮሌጅ ለዩኒቨርሲቲው በተላለፈ ጊዜ ነበር። ዘመኑ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ከሥር መሠረቱ የተለወጠበት ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1910፣ አብርሃም ፍሌክስነር በካርኔጊ ተቋም ስም ባወጣው ዘገባ የሀገሪቱን የሕክምና ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ መዝኖ አብዛኞቹ ሊዘጉ ይገባል ብሎ ነበር። ቤተ ሙከራ የሌላቸው፣ ተማሪ የሚመለምሉት ለክፍያ ሲሉ ብቻ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ከገበያ ወጡ፤ የሐኪሞች ጥራትም ከፍ አለ።

የለውጡ ዋጋ ግን እኩል አልተከፋፈለም። በዚያን ጊዜ ጥቁር ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑት ሰባት ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘግተው ሐዋርድና መሃሪ ብቻ ቀሩ፤ የነጮቹ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ደግሞ ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም ነበር። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት እንደገመተው፣ አምስቱ ባይዘጉ ኖሮ ከ30 ሺህ በላይ ተጨማሪ ሐኪሞችን ባስመረቁ ነበር። የፍሌክስነር መመዘኛ በወረቀት ላይ ስለ ቤተ ሙከራና ስለ በጀት የሚናገር ይምሰል እንጂ፣ ውጤቱ ማን ሐኪም ይሆናል የሚለውን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ወስኗል።

ማስረጃው እንዴት ተሰበሰበ

በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር የተለያዩ ሆስፒታሎች እንዲዋሐዱ ካስገደደ በኋላ፣ በሕክምናው ዓለም የነበረው ግልጽ አድልዎ ያለፈ ታሪክ መሰለ። ሐሳቡን የቀየሩት ተከታታይ ጥናቶች ናቸው። በ1993 በሎስ አንጀለስ በሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል የተደረገ ጥናት፣ የእጅ ወይም የእግር ረጅም አጥንት ተሰብሮባቸው የመጡ 139 ታካሚዎችን መዝገብ መረመረ። ከላቲን አሜሪካ ዝርያ ካላቸው ታካሚዎች 55 በመቶው ምንም ዓይነት የሕመም ማስታገሻ አልተሰጣቸውም፤ ከነጮቹ መካከል ማስታገሻ ያልተሰጣቸው 26 በመቶ ነበሩ። ስብራቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ሐኪሞቹም ታካሚን ለማሠቃየት ያሰቡ አልነበሩም።

በ1999 ደግሞ ኬቪን ሹልማንና ባልደረቦቹ ለ720 ሐኪሞች በቪዲዮ የተቀረጹ ታካሚዎችን አሳዩ። ታካሚዎቹ ተዋንያን ናቸው፤ ስለ ደረታቸው ሕመም የሚናገሩትም በተመሳሳይ ቃል ነው። ሐኪሞቹ ለልብ ደም ሥር ምርመራ የመሯቸው ነጮች 90.6 በመቶ፣ ጥቁሮች ደግሞ 84.7 በመቶ ሆኑ። ጋዜጦች ይህን «ጥቁሮች ለምርመራ የመመራት ዕድላቸው በ40 በመቶ ያነሰ ነው» ብለው አራገቡት። ከወራት በኋላ በዚያው የሕክምና መጽሔት የወጣ ትችት ስሌቱ በተሳሳተ መንገድ መነበቡን አሳየ፤ በትክክል ሲሰላ ልዩነቱ ወደ 7 በመቶ ነበር። ትችቱ ሌላም ነገር ገለጠ፦ ልዩነቱን ያመጡት ጥቁር ሴቶች ብቻ ነበሩ። ጥቁር ወንዶች ከነጮች እኩል ተመርተዋል። ማስተካከያው አድልዎ የለም አላለም፤ አድልዎው የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ግን ለይቶ አሳየ። ያለ ጥንቃቄ የተጋነነ ቁጥር እውነተኛውን በደል እንዴት እንደሚሸፍን የሚያስተምር ታሪክ ነው።

በመካከሉ፣ በ1998፣ አንቶኒ ግሪንዋልድና ሁለት ባልደረቦቹ «የስውር ተዛምዶ ፈተና» የተባለውን መለኪያ አስተዋወቁ። ፈተናው ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ትቶ፣ ፊቶችንና ቃላትን ለማዛመድ የሚወስድበትን ቅጽበት ይለካል። በ2007 ይህ ፈተና በቦስተንና በአትላንታ ለሚገኙ ሬዚደንት ሐኪሞች ተሰጠ። ሐኪሞቹ በግልጽ ሲጠየቁ ለማንም እንደማያደሉ ተናገሩ፤ ፈተናው ግን ወደ ነጮች ማዘንበላቸውን አሳየ። ዝንባሌያቸው በጠነከረ መጠን፣ የልብ ሕመም ላጋጠመው ጥቁር ታካሚ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት የማዘዝ ዕድላቸው ከነጩ ታካሚ አንጻር እየቀነሰ ሄደ። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን ብዙዎች ያላስተዋሉት ሌላ ውጤት ነው። የጥናቱን ዓላማ በገመቱት ሐኪሞች ዘንድ ዝንባሌው ጥቁሮችን አልጎዳም፤ እንዲያውም ጠንካራ ዝንባሌ ያላቸው ለጥቁሩ ታካሚ መድኃኒቱን ይበልጥ አዘዙ። የሚመዘኑበትን ነገር ያወቁ ሰዎች ራሳቸውን አረሙ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ በፈተናው ውጤትና በሐኪሞች ውሳኔ መካከል ተመሳሳይ ግንኙነት አላገኙም፤ ስለዚህ ፈተናው የአንድን ግለሰብ ባሕርይ ቁርጥ አድርጎ የሚናገር መሣሪያ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባውም።

ሦስት ዓይነት አድልዎ

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በዚህ ርዕሰ ጉዳይ ላይ የቆየ ክርክር አላቸው። ጋሪ ቤከር በ1957 አድልዎን እንደ ጥላቻ፣ ማለትም ሰው ከሚጠላው ወገን ለመራቅ ሲል ዋጋ እንደሚከፍልበት ምርጫ ቆጠረው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤድመንድ ፌልፕስና ኬኔት አሮው ጥላቻ ባይኖርም አድልዎ ሊኖር እንደሚችል አሳዩ፦ ስለ ግለሰቡ በቂ መረጃ የሌለው ወሳኝ አካል ክፍተቱን በቡድኑ አማካይ ይሞላዋል። አና ባልሳና ቶማስ ማክጓየር በ2003 ይህን ወደ ሐኪሙ ክፍል አስገብተው የልዩነትን ምንጭ በሦስት ከፈሉት፤ ጥላቻ፣ እርግጠኛ አለመሆንና የተሳሳተ ግምት። ሐኪም የታካሚውን ንግግር በትክክል ካልሰማ፣ ቋንቋውን ካልተረዳ ወይም ጊዜ ካጠረው፣ የሰማውን ትቶ አስቀድሞ በሚያውቀው ላይ ይደገፋል። ይህ ከፎረስት ፓርክ የሚመጣን አማርኛ ተናጋሪ በቀጥታ ይመለከታል። አስተርጓሚ በሌለበት የታካሚው ቃል ይደበዝዛል፤ ቃሉ ሲደበዝዝም መልኩ በቦታው ይናገራል።

ክፍፍሉ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። በጥር 1996 የእስራኤል ጋዜጣ ማሪቭ፣ የሀገሪቱ የደም ባንክ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም ለዓመታት ሳያሳውቅ ሲያስወግድ መቆየቱን አጋለጠ። የተሰጠው ምክንያት ከኢትዮጵያ በመጡት ስደተኞች ዘንድ የኤች አይ ቪ ስርጭት ከሌላው ሕዝብ ከፍ ያለ ነው የሚል የስታቲስቲክስ ክርክር ነበር። በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት 10 ሺህ ያህል ሰዎች ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ለጋሹ ክንዱን ሲዘረጋ በምስጋና ተቀብለውት፣ ከበስተኋላ ደሙን በቡድኑ ስም መጣላቸው ቁስሉን አጠነከረው። ይህ ስውር አድልዎ ሳይሆን በምስጢር የተያዘ መመሪያ ነበር። ሆኖም አማካይ ቁጥር በግለሰብ ላይ ሲፈርድ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የኮሎምበስ ሙከራ

በዚህ ሁሉ መካከል የኦሃዮ ስቴት የሕክምና ትምህርት ቤት ያደረገው ነገር በቅርጹ ቀላል ነበር። በ2012 የቅበላው ዘመን ከመጀመሩ በፊት፣ አመልካቾችን የሚመዝነው የቅበላ ኮሚቴ 140 አባላት በሙሉ በጥቁርና በነጭ ላይ ያተኮረውን የስውር ተዛምዶ ፈተና ወሰዱ። ሥራውን የመሩት የልብ ሐኪምና በወቅቱ የቅበላ ተባባሪ ዲን የነበሩት ክዊን ኬፐርስ ናቸው፤ በ2017 ከታተመው ዘገባ ደራሲዎች አንዱም የፈተናው ፈጣሪ ግሪንዋልድ ነው። አብዛኛው የስውር አድልዎ ሥልጠና የሚመለከተው ሐኪሙን ከታካሚው ጋር ነው። ኮሎምበስ ግን ነጭ ጋዋን የሚለብሰውን ሰው የሚመርጡትን ፈተነች።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። ወንዶችም ሴቶችም፣ መምህራንም ተማሪዎችም፣ ሁሉም ቡድኖች ወደ ነጮች አዘንብለው ተገኙ፤ ከሁሉ የበረታው ዝንባሌ በወንዶችና በመምህራን ዘንድ ታየ። በቀጣዩ ዘመን መጨረሻ ለቀረበላቸው መጠይቅ መልስ ከሰጡት መካከል 48 በመቶው አመልካቾችን ሲያነጋግሩ የፈተና ውጤታቸው ትዝ ይላቸው እንደነበር ገለጹ፤ 21 በመቶው ደግሞ ውጤቱን ማወቃቸው በውሳኔያቸው ላይ ተጽዕኖ አድርጓል አሉ። በዚያ ዓመት የገባው ክፍል እስከዚያ ድረስ በትምህርት ቤቱ ታሪክ በስብጥሩ የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘ ሆነ።

ይህን ለማንበብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የንጽጽር ቡድን አልነበረም፤ ፈተናውን ያልወሰደ ኮሚቴ በዚያው ዓመት ምን ይመርጥ እንደነበር ማንም አያውቅም። ትምህርት ቤቱ አመልካቾችን ለመሳብ የሚያደርገው ሌላ ጥረትም ለውጡን አምጥቶ ሊሆን ይችላል። ከአምስት አንዱ ብቻ ውሳኔዬ ተነክቷል ማለቱም ልብ ሊባል ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሙከራው ከተራ ሥልጠና የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች ግልጽ ናቸው። ዕውቀቱ የመጣው ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊትና በአጠገቡ ነው፤ የመጣውም በር ላይ ለቆሙት ሁሉ፣ ያለ ምርጫ ነው። ማንም ለብቻው አልተወቀሰም፤ ማንም ለብቻው ነጻ አልወጣም። በቦስተንና በአትላንታ ዓላማውን የገመቱት ሐኪሞች ያሳዩት ነገር እዚህ በተቋም ደረጃ የተደገመ ይመስላል።

የበር ጠባቂዎች ምርጫ ለታካሚ ምን ይፈይዳል? ማርሴላ አልሳንና ሁለት ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከተማ ከ1,300 በላይ ጥቁር ወንዶችን መልምለው፣ ወደ ክሊኒኩ የመጡትን ለጥቁርና ለሌሎች ሐኪሞች በዕጣ መደቧቸው። በ2019 የታተመው ውጤት፣ ጥቁር ሐኪም ያገኙት የመከላከያ ምርመራዎችን፣ በተለይም መርፌና የደም ናሙና የሚጠይቁትን፣ ከሌሎቹ በበለጠ መቀበላቸውን አሳየ። ተመራማሪዎቹ ውጤቱ በሰፊው ቢተገበር በጥቁርና በነጭ ወንዶች መካከል ያለውን በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ልዩነት በ19 በመቶ ሊያጠብ እንደሚችል ገመቱ። ከ1910 በኋላ የተዘጉት በሮች ዋጋ ዛሬም በሰው ዕድሜ እንደሚከፈል የሚያሳይ ስሌት ነው።

አእምሮ የሌለው አድልዎ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የሰውን አእምሮ ይመለከታል። ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው ሐኪሙ ፍጹም ከአድልዎ የጸዳ ቢሆን እንኳ የሚያነበው ቁጥር ቢያደላስ ከሚለው ጥያቄ ነው።

የኩላሊት አቅም የሚገመተው በደም ውስጥ ካለው ክሬቲኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። በ1999 በ1,628 ታካሚዎች ላይ ተመሥርቶ የወጣው ቀመር በስፋት በተሠራበት አጭር ቅርጹ፣ ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱ በ1.21 እንዲባዛ ያዝዛል። ምክንያቱ በጥናቱ የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከተሳታፊዎቹ 12 በመቶ ያህሉ፣ በተመሳሳይ የኩላሊት አቅም ከፍ ያለ ክሬቲኒን ስለታየባቸው ነው፤ ብዙ ጡንቻ ስላላቸው ይሆናል የሚል ግምትም ታከለበት። አሁን ስሌቱን እንከተል። በአሜሪካ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ የወረፋ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው አቅሙ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ወይም እጥበት ሲጀመር ነው። ልኬቱ 18 የሆነ ሰው ወረፋ ይይዛል። ያው ሰው «ጥቁር» የሚለውን ሣጥን ከሞላ ግን ቁጥሩ 21.8 ይሆናል፤ ወረፋውም አይጀመርለትም። ከፎረስት ፓርክ የመጣው ኢትዮጵያዊ በዚያ ጥናት ውስጥ ቢሳተፍም ባይሳተፍም፣ ጡንቻው ቢወፍርም ቢሳሳም፣ ማባዣው ያው ነበር።

ማንም ሐኪም ይህን አድልዎ ራሱን በመመርመር ሊያገኘው አይችልም ነበር። የተገኘው በመቁጠር ነው። በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ማኅበራት ዘርን የማይጠይቅ አዲስ ቀመር እንዲሠራበት ወሰኑ። ንቅለ ተከላን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ መረብ በ2022 የዘር ማባዣውን ከለከለ፤ ከጥር 2023 ጀምሮም ሆስፒታሎች የጥቁር ታካሚዎችን መዝገብ መለስ ብለው አይተው የጠፋውን የወረፋ ጊዜ እንዲመልሱ አዘዘ። በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ተመለሰላቸው። ለሁለት ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን በእጥበት ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

ምሳሌው ብቸኛ አይደለም። በ2019 ዚያድ ኦበርማየርና ባልደረቦቹ ሆስፒታሎች ተጨማሪ ክትትል የሚያሻቸውን ታካሚዎች ለመለየት የሚጠቀሙበትን አልጎሪዝም መረመሩ። ፕሮግራሙ ዘርን አይጠይቅም ነበር፤ ይሁን እንጂ የሕመምን ክብደት የሚለካው ለታካሚው በወጣው ገንዘብ ነው። ለጥቁር ታካሚዎች በተመሳሳይ ሕመም አነስተኛ ገንዘብ ስለሚወጣ፣ ጤነኞች ተደርገው ተቆጠሩ። መለኪያው ሲታረም ተጨማሪ እርዳታ ከሚደርሳቸው መካከል የጥቁሮች ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይላል። ወጪ ፍላጎትን ይወክላል ብሎ ማሰብ የምጣኔ ሀብት ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠነቀቀው ስሕተት ነው።

የቡድን ስም ሕይወታዊ እውነት የያዘ በሚመስልበት ጊዜም ያሳስታል። የሕክምና መማሪያዎች ለረጅም ዘመን ቪቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ አፍሪካውያንን እምብዛም አይዝም ሲሉ አስተምረዋል፤ ጥገኛው ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባበት ደፊ የተባለው ፕሮቲን በምዕራብ አፍሪካውያን ደም ሕዋስ ላይ አይገኝምና። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ሰው ይህ ፕሮቲን አለው፤ ቪቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ሁለተኛው የወባ ዓይነት ነው፤ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላም ያገረሻል። ከሀገር ቤት ተመልሶ ከወራት በኋላ ትኩሳት የያዘው የኮሎምበስ ነዋሪ፣ «አፍሪካዊ» በሚለው ቃል ብቻ ከተመዘነ፣ ትክክለኛው ጥያቄ ሳይቀርብለት ሊቀር ይችላል።

ጠባይና ቆጠራ

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ፣ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ከገጠር የመጣች ወላድ ከከተሜዋ ያነሰ ትኩረት ሊሰጣት እንደሚችል፣ በአለባበስና በአነጋገር ሰው እንደሚመዘን፣ በካርድ ክፍል ደጃፍ የቆመ ሁሉ ያውቃል። አጀንዳው ይህን በይፋ መጥራቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሩኅሩኅነት የጠባይ ስም ነው፤ ጠባይ ደግሞ በሥልጠና ቀን ይታደስና በተጨናነቀ የተረኛ ሌሊት ይደክማል። ማን ስንት ደቂቃ ጠበቀች፣ ለማን ማስታገሻ ተሰጠ፣ ማን ሳይታይ ተመለሰ የሚለው ግን በመዝገብ ሊቆጠር ይችላል።

በኮሎምበስ የሚገኙ የሕዝብ አካላት ይህን ቆጠራ የራሳቸው ኃላፊነት እንደሆነ የተናገሩበት ጊዜ ነበር። በግንቦት 2020 የፍራንክሊን ካውንቲ ኮሚሽነሮች፣ በሰኔ ደግሞ የከተማዋ ምክር ቤት፣ ዘረኝነት የሕዝብ ጤና ቀውስ ነው ብለው አወጁ። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ተለውጧል። በሰኔ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዩኒቨርሲቲ ቅበላ ዘርን ከግምት ማስገባትን ከለከለ፤ በ2025 ደግሞ የኦሃዮ ግዛት በሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የብዝኀነት ጽሕፈት ቤቶችንና ሥልጠናዎችን የሚያግድ ሕግ አጸደቀ። የ2012ቱ ፈተና ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት በዚያው መልክ መደገሙ አጠራጣሪ ነው።

ሥልጠና ሲታገድ የሚጠፋውና የሚቀረው ግን አንድ አይደለም። የተቀየረው የኩላሊት ቀመር ማንም ስብሰባ ሳይጠራ በየላቦራቶሪው በየቀኑ ይሠራል። የተመለሰው የወረፋ ጊዜ በመዝገብ ሰፍሯል። ከአምስት የኮሎምበስ በር ጠባቂዎች አንዱን የነካው ዕውቀት ግን ሰዎቹ ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ይወጣል፤ በደንብ፣ በቅጽ ወይም በየዓመቱ በሚወጣ ቆጠራ ካልተተካ። ዛሬ ከፎረስት ፓርክ ተነሥቶ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ሰው ያንኑ ሣጥን ይሞላል። ሐኪሙ የዝንባሌ ፈተና ወስዶ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አስተርጓሚ እንዲቀርብለት፣ የኩላሊቱ ልኬት በየትኛው ቀመር እንደተሰላ እንዲነገረው ግን መጠየቅ ይችላል፤ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስም ከ2021 በፊት ከነበረው ይለያል።